የጌቲን ዩኒቨርሲቲ

ጌቲን ፓሪ የሞተው በሚያዝያ ነው። ከኔቪን መንደር መውጫ ላይ ያለው ጠመዝማዛ መንገድ ዝናብ መትቶት ስለነበር የጓደኛው መኪና ተንሸራቶ ከድንጋይ አጥሩ ጋር ተላተመ። ነጂው እግሩ ተሰብሮ ተረፈ፤ ጌቲን ግን አምቡላንሱ እስኪደርስ እንኳ አልቆየም። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። መንታ እህቱ ኔሪስ በዚያች ሰዓት እቤት ቁጭ ብላ ለባዮሎጂ ፈተና ታጠና ነበር።

መንታ ይባሉ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነበር። ጌቲን የባሕር ልጅ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ደጃፍ ላይ ወርውሮ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይሮጣል፤ የሸርጣን ወጥመድ ከሚጥሉ ሽማግሌዎች ጋር በጀልባ ሲዞር ቆይቶ፣ ጨው ጨው እየሸተተ ለራት ይመጣል። የት ዩኒቨርሲቲ እንደሚገባ የወሰነው ገና ጢም ሳያበቅል ነው። ሳውዝሃምፕተን፤ ከእነሱ ቤት የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ፣ ስለ ውቅያኖስ የሚያስተምሩበት። ኔሪስን ግን ጀልባ ያጥወለውላታል። እሷ የምትወደው ትንንሽ ልጆችን ነው፤ ትምህርት በሌላት ቀን የመንደሩ ትምህርት ቤት እየሄደች ሕፃናቱን ፊደል ታስቆጥራለች። ምኞቷ ባንጎር ገብታ፣ በራሳቸው በዌልሽ ቋንቋ የምታስተምር መምህርት መሆን ነበር። ባንጎር ደግሞ በአውቶቡስ ደርሶ ለራት መመለስ የሚቻልበት ከተማ ነው።

«አንቺ ዩኒቨርሲቲ የምትመርጪው በአውቶቡስ መስመር ነው» ይላታል ጌቲን።

«አንተስ? በዓሣ ሽታ አይደል እንዴ?»

«ቢያንስ እኔ ልብሴን ራሴ አጥባለሁ። አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ ለእማ ተሸክመሽ ልትመጪ ነው።»

«አንተማ መች ታጥበዋለህ! ባሕሩ ውስጥ ነክረህ ትለብሰዋለህ እንጂ።»

እናታቸው ግዌንዳ እንዲህ ሲነካከሱ ስትሰማ ከፀጉር ቤቷ ሆና ትስቃለች። ፀጉር ቤቷ የመኖሪያ ቤታቸው የፊት ክፍል ነው፤ ሁለት ወንበር፣ ሁለት መስተዋት፣ መንገድ ላይ ድረስ የሚሰማ ሳቅ። የመንደሩ ሴቶች ግማሹ ለፀጉራቸው፣ ግማሹ ለጨዋታዋ ነበር የሚመጡት።

ከቀብሩ በኋላ ግዌንዳ ደረጃውን ወጥታ መኝታ ክፍሏ ገባች፤ በዚያው ቀረች። ቀብሩ ላይ አላለቀሰችም፤ ሰው ሲያቅፋት እንደ እንጨት ቆማ ነበር። ባሏ ኤምሪስ፣ የገበሬዎችን ትራክተር የሚጠግን ዝምተኛ ሰው፣ ጠዋትና ማታ ሻይና የተጠበሰ ዳቦ ይዞ ይወጣል፤ ያንኑ ሻይና ዳቦ ቀዝቅዞ ይዞት ይወርዳል። ታላቅ እህቷ ማይር መጥታ ቆጣ አለቻት፤ አልሰማችም። ለመነቻት፤ አልሰማችም። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘ። የፀጉር ቤቱ መጋረጃ እንደተዘጋ ሰኔ ገባ። ኔሪስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቀስታ ደረጃውን ወጥታ በሩ ላይ ጆሮዋን ትለጥፋለች፤ እናቷ ስትተነፍስ ከሰማች በኋላ ነው ጫማዋን የምታወልቀው።

አንድ ጠዋት ፖስታ በሚጣልበት የበር ቀዳዳ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሽፋኑ ላይ በሰማያዊ ባሕር ላይ የቆመ ነጭ መርከብ አለ። ትምህርቶቹን ለማስተዋወቅ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የሚልከው ነው፤ በሕይወት እያለ ጌቲን ላኩልኝ ብሎ የጠየቀው። ስሙ በላዩ ላይ ተጽፏል። ኔሪስ ከወለሉ አንሥታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው፤ የት እንደምትደብቀው ስታስብ ከላይ ድምፅ ሰማች።

«ምን መጣ?»

እናቷ ደረጃው ራስ ላይ ቆማለች። ፀጉሯ ተንጨባሯል፤ የሌሊት ልብሷ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷል። ኔሪስ መዋሸት አልቻለችም። ወጥታ ሰጠቻት። ግዌንዳ ሽፋኑን በእጇ ደባበሰችው፣ ይዛው ተመልሳ ገባች።

የዚያን ቀን ለራት ወረደች። ፀጉሯን ታጥባለች፤ መጽሐፉን ብብቷ ሥር ይዛለች። ኤምሪስ ሹካውን አፉ ጋ አድርሶ ቀረ። ማንም ሳይጠይቃት ቁጭ ብላ ከፊቷ የቀረበውን እንቁላል ትበላ ጀመር፤ በሌላ እጇ ገጽ ትገልጣለች።

«እዚህ ጂኦግራፊ አለ እኮ» አለች። «ኔሪስ፣ ጂኦግራፊ ትማሪ የለም እንዴ?»

ኤምሪስ ልጁን አየት አደረጋት። ኔሪስ የምታየው የእናቷን ሳህን ነበር። እንቁላሉ ተጋምሷል።

«አዎ፣ እማ» አለች።

«የጉብኝት ቀን አላቸው። በሚቀጥለው ወር። እንሄዳለን።»

ሄዱ። ግዌንዳ ልብሷን ተኩሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ፣ ባቡር ውስጥ ካገኘችው ሰው ሁሉ ጋር ስታወራ ዋለች። ኔሪስ መስኮቱን ተደግፋ ትሰማታለች፤ የድሮ እናቷ ነች፤ ያው ድምፅ፣ ያው እጅ እያወናጨፉ ማውራት። በማግስቱ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ቢጫ ቲሸርት የለበሰች ተማሪ ከሌሎች ወላጆች ጋር አስከትላ አስጎበኘቻቸው። ቤተ መጻሕፍቱን አሳየቻቸው፤ ግዌንዳ ብዙም አላየችውም። ወደ ወደቡ ወርደው የምርምር ጀልባዎቹ ጋ ሲደርሱ ግን ሰውን ሁሉ ገፍታ ከፊት ቆመች።

«እነዚህ ላይ የሚወጡት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ውቅያኖስ የሚያጠኑት አዎ፣ እመቤቴ።»

«ጎሽ። ልጄ ጀልባ ላይ ካልወጣ ቀን የዋለ አይመስለውም።»

አስጎብኚዋ ኔሪስን አየቻት፣ ወዲያው ደግሞ ዙሪያዋን ቃኘች። «ልጅዎ ዛሬ አልመጣም?»

«ዛሬ አልተመቸውም» አለች ግዌንዳ፣ ፈገግ ብላ።

ኔሪስ የብረቱን መከላከያ ይዛ ውሃውን አየች። እናቷ አብዳ እንደሆነ አሰበች፤ ቀና ብላ ስታያት ግን የእብድ ፊት አላየችም። ተስፋ ያላት ሴት ፊት ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ግዌንዳ የዓሣና ድንች ጥብሷን ጨርሳ ከኔሪስ ሳህን ላይ እያነሣች በላች።

«ይሄን ከተማ ትወዱታላችሁ» አለች በመመለሻው ባቡር። «ታያላችሁ።»

ኔሪስ «አዎ» አለች። ከዚያ ሽንት ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ፣ ድምፁ ሳይሰማ አለቀሰች።

በጥቅምት የማመልከቻው ጊዜ ደረሰ። አምስት ቦታ ማመልከት ይፈቀዳል፤ ኔሪስ ሳውዝሃምፕተንን በጂኦግራፊ ከላይ፣ ባንጎርን በመምህርነት ከታች አደረገች። የትምህርት ቤቷ አማካሪ ሚስ ኦልዌን ማመልከቻውን አይታ መነጽሯን አወለቀች።

«ከትንሽነትሽ ጀምሮ ባንጎር ስትይ ነው የማውቅሽ። ምን ተገኘ?»

«ሐሳቤን ለወጥኩ።»

«አንቺ ነሽ የለወጥሽው?»

ኔሪስ ማመልከቻውን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። ሚስ ኦልዌን ማመልከቻውን መለሰችላት፤ ስትመልስላት ግን ትንሽ እጇን ያዝ አድርጋ ነበር።

አክስቷ ማይር ግን እንደ ሚስ ኦልዌን በዋዛ የምትለቅ አልነበረችም። ወሬው የደረሳት ቀን ከነጎማ ቡትስ ጫማዋ ወጥ ቤት ገባች። «አንቺ ልጅ፣ ድልድይ ላይ ቆመሽ እንኳ የሚያስመልስሽ፣ የመርከብ ከተማ ሄደሽ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ጂኦግራፊ ነው፣ አክስቴ። የሚማሩት መሬት ላይ ነው።»

«እኔን አታሞኚኝ። ይሄ የማን ሐሳብ እንደሆነ ድመቷም ታውቃለች። ዛሬውኑ እናትሽን አስቀምጬ እነግራታለሁ።»

«ከነገርሻት ሁለተኛ አላናግርሽም» አለች ኔሪስ። ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ ነው የተናገረችው። «ፀጉር ቤቱን ልትከፍት ነው። ትናንት መስተዋቶቹን ወለወለች። አንቺ ስትመጪ አልተነሣችም፤ አባ ሲለምናት አልተነሣችም። ለዚህ ነው የተነሣችው።»

ማይር ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ጭቃ የነካውን ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

በጸደይ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች፣ ይህን ያህል ውጤት ካመጣሽ እንቀበልሻለን የሚል መልስ ላኩ። አሁን አንዱን አንደኛ ምርጫ ብሎ ማጽደቅ ነው የቀረው። ኔሪስ አባቷ የሚሠራበት ጋራዥ ሄደች። ኤምሪስ ትራክተር ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል።

«አባ፣ የቱን ልበል?»

እግሩ መንቀሳቀሱን አቆመ። ተንፏቆ ወጥቶ ተቀመጠ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «የፈለግሽውን ነዋ።»

«እማስ?»

ኤምሪስ ቀና ብሎ አያት። እሷ የጠበቀችው አንድ ቃል ነበር፤ ተዪው፣ እኔ እችላታለሁ ቢላት ያን ዕለት ባንጎርን ታጸድቅ ነበር። እሱም ይህን ሳያውቅ አልቀረም።

«ኔሪስ፣ እኔ...» ብሎ ጀመረ። «ማታ ማታ እየተነሣሁ መድኃኒቷን እየደበቅሁ ነበር እኮ። አሁን መደበቅ ትቻለሁ።» ከዚያ ዘይት የነካ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ኔሪስ አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። ጭንቅላቱን አቅፋ ቆመች።

የዚያን ቀን ማታ እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ እያየች ሳውዝሃምፕተንን አጸደቀች። ግዌንዳ አናቷን ሳመቻት። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፤ ኔሪስ እንዳይቋረጥባት ፈርታ ሳትነቃነቅ ቆየች።

ፈተናው ላይ መልሱን እያወቀች ወረቀቱን ባዶ መተው አስባ ነበር። ብትወድቅ ማንም አይፈርድባትም። ግን እጇ እምቢ አላት። በነሐሴ ውጤት ሲመጣ የሚያስፈልጋትን አምጥታለች። ግዌንዳ በመንገዱ ላይ ወዲያና ወዲህ እያለች ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች፤ «ሳውዝሃምፕተን ተገባ!» እያለች። ማን እንደገባ አላለችም።

በመስከረም መጨረሻ መኪናውን ጭነው ጉዞ ጀመሩ። የጫነችው ግዌንዳ ነበረች። መንገድ ላይ ሻይ ሊጠጡ ቆመው ኔሪስ ሹራብ ፍለጋ ሻንጣዎቹን ብትከፍት፣ የጌቲን ቢጫ የዝናብ ጃኬት ታጥፎ አገኘች። ሥሩ አቅርቦ ማያ መነጽሩ አለ። የአልጋው ሰማያዊ አንሶላም አለ። ዘግታ ብርድ ብርድ እያላት መኪና ውስጥ ገባች።

የተማሪዎቹ መኖሪያ ሕንፃ ኮሪደር በሰው ተጨናንቋል፤ ድስት የያዘ አባት፣ ትራስ የተሸከመች እናት፣ ሙዚቃ የከፈተ ልጅ። ግዌንዳ ቁልፉን ይዛ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ ጃኬቱ ክንዷ ላይ ነው። የበሮቹን ቁጥር እየቆጠረች ሄዳ አንዱ በር ፊት ቀጥ አለች። በሩ ላይ በባለቀለም እስክሪብቶ የተጻፈ ካርድ ተለጥፏል፤ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ኔሪስ» ይላል።

ግዌንዳ አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«ያንቺ ስም ነው» አለች።

«አዎ፣ እማ።»

«ያንቺ ብቻ ነው።»

ኔሪስ ቁልፉን ከእጇ ወስዳ በሩን ከፈተች። ባዶ ክፍል፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። ግዌንዳ ገብታ ያልተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀመጠች፤ ጃኬቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ታያለች።

«በሩ ሲከፈት...» አለች። «አላውቅም ምን እንደጠበቅሁ። ኔሪስ፣ እኔ ምን ጠብቄ ነው?»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ጀልባዎቹን ካየን ቀን ጀምሮ።»

«አንቺ እኮ ባሕር አትወጂም።» አሁን ገና እንዳያት ሰው ነበር ድምፅዋ። «አንቺ እኮ ከቤት መራቅ አትወጂም። ለምን ዝም አልሽኝ? ለምን እዚህ ድረስ እንዳመጣሽ ፈቀድሽልኝ?»

«መጽሐፉ የመጣ ቀን ወርደሽ እንቁላል በላሽ» አለች ኔሪስ።

ግዌንዳ ፊቷን ጃኬቱ ውስጥ ቀበረች። ቀብሩ ላይ ያልመጣው ለቅሶ እዚያ መጣ፤ እንደ ሕፃን እየጮኸች፣ ጌቲን፣ ጌቲን እያለች። ኮሪደሩ ላይ ሙዚቃው ጠፋ። ኤምሪስ ካርቶን ተሸክሞ በሩ ላይ ደርሶ ካርቶኑን ሳያስቀምጥ ቆሞ ቀረ።

ሲበርድላት ተነሥታ የኔሪስን እጅ ጎተተች። «ተነሺ። ወደ ቤት እንሂድ።»

«የት እሄዳለሁ፣ እማ? የባንጎሩ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ትምህርቱ ሰኞ ይጀምራል።» ኔሪስ እናቷን ለማረጋጋት ፈገግ ለማለት ሞከረች። «እሞክረዋለሁ። መጥፎ አይደለም እኮ፤ መስኮት አለው።»

መኪናው ሲሄድ ኤምሪስ እጁን በመስኮት አወጣ። ግዌንዳ ጃኬቱን አቅፋ ፊት ለፊት ታይ ነበር፤ አልዞረችም።

ኔሪስ ሞከረች። ልጆቹ ደግ ነበሩ፤ ፓስታ ሲቀቅሉ ይጠሯታል፣ አስተማሪዎቹም አይከፉም ነበር። ቤት ስትደውል ግን ሁልጊዜ የሚያነሣው አባቷ ነው።

«እማስ?»

«ተኝታለች።»

«ፀጉር ቤቱስ?»

«ዝግ ነው ለጊዜው።»

ስልኩን ዘግታ አልጋዋ ላይ ትቀመጣለች። ቀድማ ገብታ ያንን ካርድ ብትነቅለው ኖሮ እያለች ራሷን ትበላለች፤ ከዚያ ደግሞ፣ እስከ መቼ ልትነቅል? ትላለች። በኅዳር አንድ ቀን ከክፍል ቀርታ ወደ ወደቡ ወረደች። የምርምር ጀልባው ሊወጣ ሲል ነበር የደረሰችው። ቢጫ ጃኬት የለበሱ ልጆች ገመድ እየፈቱ ይሳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ አንዱ ቁመቱ፣ አረማመዱ ሳይቀር ጌቲንን ይመስላል። ጀልባው ከዓይን እስኪጠፋ አየቻቸው። ወንድሟ ይህን ሁሉ እንዳጣ ያን ቀን ነው በደንብ የገባት። እስከዚያ ድረስ የምታለቅሰው ለእናቷ ነበር፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ለእሱ አለቀሰች፣ ለባከነው ምኞቱ። ስትጨርስ ስልኳን አውጥታ ባንጎር ደወለች። ለመጪው ዓመት ማመልከት ትችያለሽ አሏት።

የገና በዓል ሳይደርስ ሻንጣዋን ይዛ ኔቪን ተመለሰች። መንደሩ፣ አልቻለችም፣ አለ። ማይር ዳቦ ቤት ውስጥ ይህን ስትሰማ፣ «እሷ የቻለችውን ከእናንተ አንዷ ብትችል ኖሮ!» ብላ ዳቦዋን ሳትገዛ ወጣች አሉ። ኔሪስ በመንደሩ ትምህርት ቤት ረዳት ሆና ተቀጠረች። ከሥራ መልስ እናቷ አልጋ ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። ግዌንዳ አንዳንድ ቀን ታወራታለች፤ አንዳንድ ቀን ጀርባዋን እንደሰጠች እጇን ብቻ ወደ ኋላ ትዘረጋላታለች። አንዴ፣ «በእኔ ምክንያት ዓመት ባከነብሽ» አለቻት። ኔሪስ አልባከነም ማለት ፈለገች፤ ባክኖ ስለነበር ግን እጇን ጨበጥ አደረገቻት።

ባንጎር ልትገባ ዋዜማው ላይ፣ ግዌንዳ ማንም ሳይጠራት ወረደች። የፀጉር ቤቱን መጋረጃ ሳትከፍት መብራቱን አበራች።

«ነይ ተቀመጪ» አለቻት። «እንዲህ ተንጨባረሽ አትሄጂም።»

ኔሪስ መስተዋቱ ፊት ተቀመጠች። መቀሱ ከእናቷ እጅ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ግዌንዳ ፀጉሩን በውሃ አርሳ ካበጠረች በኋላ፣ ደንበኞቿን ትጠይቅ እንደነበረው፣ ዓይኗን ከማበጠሪያው ሳታነሣ ጠየቀች።

«ምንድን ነው ግን የምትማሪው? ነግረሽኝ ይሆናል፤ አልሰማሁሽም ነበር።»

«መምህርነት። ለትንንሾቹ።»

«ለምን ትንንሾቹን?»

ኔሪስ ነገረቻት። ፊደል የገባው ልጅ ፊቱ ምን እንደሚመስል፣ ጥርሱ የወለቀ ቀን እፍኙ ውስጥ ይዞት ስለሚመጣው፣ እማዬ ብሎ ጠርቷት በእፍረት ጠረጴዛ ሥር ስለተደበቀው። ግዌንዳ እየቆረጠች ሰማቻት፤ መጨረሻ ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር በአፍንጫዋ ወጣ።

ከዚያ መጥረጊያ አንሥታ ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር መሰብሰብ ጀመረች። ግማሽ ላይ ቆመች። የኔሪስ ፀጉር ቀይ ነው፤ የጌቲንም እንዲሁ ነበር። ግዌንዳ ጎንበስ ብላ አንድ ዘለላ አነሣች፣ መብራቱ ላይ አየችው፣ መልሳ መሬት ላይ መጣል አቃታት። ኔሪስ ከወንበሩ ተነሥታ መጥረጊያውን ከእጇ ወሰደች፤ የቀረውን እሷ ጠረገችው።